ፈረስን ለበዓል ሰልፍና ለውድድር ስለ ማሰናዳት

ለክልል፣ ለዞንና ለወረዳ የእርሻ ሹማምንት የተጻፈ ትምህርት

በአገራችን ፈረስ የጦርና የክብር ባለሟል ሆኖ በኖረበት ዘመን ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ዛሬ ፈረስ ወደ ጦር ሜዳ መውጣቱ ቀርቷል፤ ነገር ግን በበዓል ቀን አጊጦ በሕዝብ ፊት መታየቱ አልቀረም። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአዊ ዞን በእንጅባራ ያከብራል። በአዲስ አበባም የጃን ሜዳ ጉግስና የፈረስ እሽቅድምድም ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በኢሬቻ በዓልም ፈረሰኞች የሰልፉ ጌጥ ናቸው።

ከተማይቱ የፈረስንና የበቅሎን ዘመን በሰፈሮቿ ስም ይዛ ቀርታለች። በቂርቆስ በኩል በቅሎ ቤት የሚባል ሰፈር አለ፤ ከካዛንቺስ ብዙ የማይርቀው ባልደራስም ስሙ የቤተ መንግሥት ፈረሶች አለቃ ከነበረው ሹም ማዕርግ የመጣ ነው። ካዛንቺስ ግን በወረራው ጊዜ ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሩት ቤት ስሙን ያገኘ ነውና ከፈረስ ጋራ ዝምድና የለውም፤ ከዚያ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደውም መንገድ የመኪና መንገድ ነው። ስለዚህ ከገጠር ወጥቶ በዚህ ስፍራ ለሰልፍ የሚቆም ፈረስ ሁሉ እንግዳ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ ነገር ነው። ፈረሰኛው በዓል በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ግላሱ፣ ስለ ማርዳውና ስለ ብሩ ጌጥ ነው፤ ሹሙም ሰልፉን ሲያይ ዓይኑን የሚጥለው በዚያው ላይ ነው። ጌጥ ግን ያሳምራል፤ ደግሞም ይሸፍናል። በሚያምር ግላስ ሥር የቈሰለ ጀርባ፣ ባጌጠ ልጓም ሥር የተቀደደ አፍ ሊገኝ ይችላል። በዓሉ ባለፈ ማግስት ያ ፈረስ ጋሪ ይጐትታል፣ ጭነት ይሸከማል፣ ባለቤቱንም ገበያ ያደርሳል፤ ቍስሉ ቢከፋበት የሚጐዳው ቤተሰቡ ነው። እንግዲህ ትምህርታችን በአጭር ቃል ይህ ነው፤ ጀርባው፣ አፉና ሰኮናው ሳይመረመር ጌጥ አይጫንበት።

1ኛ፤ ስለ መኖና ስለ ልምምድ

ዝግጅት በበዓሉ ዋዜማ የሚጀመር ሥራ አይደለም። ቢያንስ 6 ሳምንት አስቀድሞ መጀመር ይገባል፤ የፈረስ ጠጕር የሚያበራው በቅባት ሳይሆን በመኖና በጤና ነውና።

ክብደቱ 250 ኪሎ ግራም የሚሆን ፈረስ በቀን ወደ 5 ኪሎ ግራም የሚደርስ ደረቅ ሣር ወይም ድርቆሽ ያስፈልገዋል። የፈረስ ጨጓራ ለሰውነቱ ትንሽ ስለ ሆነ መኖውን በአንድ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ ከፋፍሎ ደጋግሞ መስጠት ይሻላል። ለበዓል ይበርታ ተብሎ ገብስ ወይም ባቄላ በድንገት በብዛት ቢሰጠው የሆድ ቍርጠት ይይዘዋል፤ ይህም ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ እህሉን በጥቂቱ ጀምሮ ከ7 እስከ 10 ባለው ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ነው። ንጹሕ ውኃ በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር ይፈልጋል፤ ሙቀትና ሥራ ሲበዛበትም ይጨምራል። ጨው አይጕደልበት።

ልምምዱም እንዲሁ በደረጃ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በእርምጃ ብቻ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ ከዚያ በኋላ በደንገላሳ ማለማመድ መልካም ነው። ሽምጥ ግልቢያ የመጨረሻው ነው፤ እሱም በየቀኑ አይደረግም። ከግልቢያ የተመለሰ ፈረስ ትንፋሹ እስኪረጋ ድረስ በእርምጃ ይመላለስ እንጂ በላብ እንደ ተነከረ ነፋስ ላይ አይታሰር።

2ኛ፤ ስለ ገላውና ስለ ጋማው

ፈረሱን በየቀኑ መጥረግ ከሁሉ ይበልጣል። በደረቅ ብሩሽ ወይም በተጠቀለለ ጆንያ ጠጕሩ በተኛበት በኩል ከአንገት ጀምሮ ወደ ኋላ መጥረግ ነው። የሚጠርገው ሰው በእጁ እየዳሰሰ ይሂድ፤ ዓይን ያላየውን እብጠት፣ መዥገርና ትኵሳት እጅ ያገኘዋልና።

ሙሉ ገላውን ማጠብ ካስፈለገ ከበዓሉ 2 ቀን በፊት፣ ፀሐይ በጠናችበት ሰዓት ይሁን። ሳሙናው ሳይታጠብ በጠጕሩ ውስጥ ቢቀር ቆዳውን ያሳክከዋል። በተለይ አምባላይ ፈረስ ፋንድያና ጭቃ ስለሚታይበት የተኛበትን ስፍራ በየማታው በደረቅ ጭድ ማንጠፍ ከማጠብ ይልቅ ይጠቅመዋል። በበዓሉ ቀን ግን ዓይኑን፣ አፍንጫውንና የጭራውን ሥር በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ይበቃል። እንዲያበራ ብሎ ቅቤ ወይም ዘይት መቀባት አይገባም፤ አቧራና ዝንብ ይሰበስባል፣ ኮርቻውንም ያንሸራትተዋል።

ጋማውና ጭራው አስቀድሞ በጣት ይፈታ፤ ማበጠሪያ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ጭራውን የሚያበጥረው ሰው በፈረሱ ጐን ይቁም እንጂ በስተ ኋላው አይቁም። ረጅም ጋማ የአገራችን ፈረስ ውበት ስለ ሆነ የውጭ አገርን ልማድ አይቶ መቍረጥ አያስፈልግም።

3ኛ፤ ስለ ሰኮና

ሰኮናው የታመመ ፈረስ ሌላው አካሉ ሁሉ ቢያምር ዋጋ የለውም። ሰኮና በየቀኑ ከተረከዙ ወደ ጣቱ በኩል ይጠረግ፤ በመካከሉ ያለው ለስላሳ ክፍል እንዳይወጋ ጥንቃቄ ይደረግ። መጥፎ ሽታና ጥቁር ፈሳሽ ቢታይ የመበስበስ ምልክት ነውና የእንስሳት ሐኪም ይየው። ሰኮናው በየ6 ወይም በየ8 ሳምንቱ ይስተካከል፤ ለበዓሉ የሚደረገው ግን አንድ ሳምንት ቀድሞ ይፈጸም። በዋዜማው የተቈረጠ ሰኮና ጥቂት እንኳ ቢበዛበት ፈረሱ በሰልፉ መካከል ያነክሳል።

4ኛ፤ ስለ ኮርቻ፣ ስለ ልጓምና ስለ ጌጥ

ኮርቻ ክብደቱን በአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ማሳረፍ አለበት እንጂ አጥንቱን መንካት የለበትም። ፈረሰኛው ከተቀመጠ በኋላ በኮርቻውና በአከርካሪው መካከል 2 ጣት ሊገባ ይገባል። የሆድ ጠፍሩም 2 ጣት በጠፍጣፋው የሚያሳልፍ ያህል ይጥበቅ። ኮርቻው እንደ ልኩ መሆኑን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፤ ፈረሱ ካላበው በኋላ ኮርቻውን አውርዶ ጀርባውን መመልከት ነው። ላቡ በሁለቱም ወገን እኩል ከሆነ መልካም ነው፤ በእርጥቡ መካከል ደረቅ ስፍራ ቢታይ ግን ኮርቻው በዚያ ቦታ ከልክ በላይ ተጭኗልና ነገ የሚቈስለው ያ ነው። ባረጀ ጠባሳ ላይ የበቀለ ነጭ ጠጕርም ቀድሞ ኮርቻ የጐዳው መሆኑን ይመሰክራል።

በአገራችን ሲሠራበት የኖረው ልጓም አብዛኛውን ጊዜ የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ ቀለበት ያለው ነው። ይህ ልጓም በቀላል እጅ ፈረሱን ወዲያው ያቆማል፤ በከባድ እጅ ግን መንጋጋውን ያደቃል። ስለዚህ ፈረሰኛው ዛቡን በጣቱ ይያዝ እንጂ በክንዱ አይጐትት። በሰልፍ ላይ አፉ የደማ ፈረስ ቢገኝ ዕለቱን ከሜዳ ይውጣ።

አዲስ ኮርቻ ወይም አዲስ ጠፍር ለመጀመሪያ ጊዜ በበዓል ቀን አይጫን፤ አንድ ወር ቀድሞ በልምምድ ይለስልስ። የብር ጌጥ ጠርዙ ስለት እንዳይኖረው ይመርመር፤ በግንባሩ ላይ የሚውለውም ዓይኑን አይጋርድ። ፈረሰኛው ጐፈር፣ ለምድ ወይም ካባ የሚለብስ ከሆነ ከበዓሉ በፊት በሜዳ ላይ ለብሶት ይጋልብ። ነፋስ ያነሣውን ካባ በጐኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ፈረስ ደንግጦ ቢያመልጥ ጥፋቱ የፈረሱ አይደለም።

5ኛ፤ በዳኞች ፊት ስለ መቅረብ

ፈረሰኛው ወደ ሜዳው ሲገባ ዓይኑን ወደሚሄድበት ያድርግ፤ ፈረሱ ፈረሰኛው ወዳየበት ይሄዳልና። በፊቱ ካለው ፈረስ ቢያንስ የአንድ ፈረስ ቁመት ያህል ይራቅ። የሚራገጥ ፈረስ ካለ በጭራው ላይ ቀይ ጨርቅ ማሰር በሌላው ዓለም የታወቀ ምልክት ነው፤ እኛም ብንለምደው ብዙ ሰው ከጉዳት ይድናል። እንዲህ ያለው ፈረስ በሰልፉ መጨረሻ ይሁን።

ፈረሱ በእጅ ተይዞ የሚታይ በሆነ ጊዜ ያዡ በግራ ትከሻው በኩል ይቁም፤ በዳኛውና በፈረሱ መካከል ግን አይግባ። ዳኛው በሌላው ወገን ሲዞር ያዡም ቦታውን ይለውጥ። ፈረሱ በአራት እግሩ እኩል ቆሞ፣ አንገቱን ዘርግቶ፣ ጆሮውን ወደ ፊት አድርጎ መታየት አለበት፤ ለዚህም ጥቂት ሣር በእጅ ይዞ ማሳየት ይበቃል። ሂድ በተባለ ጊዜ አስቀድሞ በእርምጃ ከዳኛው ቀጥ ብሎ ይራቅ፣ ቀጥሎም በሶምሶማ ቀጥ ብሎ ወደ ዳኛው ይመለስ። ማነከስ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በሶምሶማ ነው፤ የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ ያ እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል። ያዡ ዛቡን አሳጥሮ ቢይዝ ይህ ምልክት ስለሚሸፈን ዳኛው ዛቡን እንዲያላላ ይዘዘው።

ፈረሱ እንቢ ቢል አለንጋ አይነሣ። በትንሽ ክብ አዙሮ እንደገና ማምጣት ይሻላል። በሕዝብ ፊት ፈረሱን የሚመታ ሰው በቤቱ ያላስተማረውን በሜዳ ላይ ሊያስተምር የሚፈልግ ነው። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉትም ለዚህ ይስማማል፤ ድል የሚገኘው ከጌታው ዕውቀት ነው።

6ኛ፤ ስለ ዳኝነት

የዳኞች ነጥብ በምን ላይ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ካልተነገረ ፈረሰኛው ሁሉ ገንዘቡን በጌጥ ላይ ያውላል። ስለዚህ ነጥቡ ከ100 እንዲህ ቢከፈል ይበጃል፤ ለጤንነትና ለአቋም 40፣ ለአካሄድ 25፣ ለፈረሱና ለፈረሰኛው መግባባት 20፣ ለንጽሕናና ለጌጥ 15። ዳኛው ነጥብ ከመስጠቱ በፊት ኮርቻው ወርዶ ጀርባው ይታይ። ይህ አንድ ሥርዓት ብቻ ቢጸና በሁለተኛው ዓመት የቈሰለ ፈረስ ይዞ የሚመጣው ሰው ይቀንሳል።

ቁመትን በሚመለከት ደግሞ የአገራችንን ፈረስ ከውጭ አገር ትልልቅ ፈረሶች ጋራ እያስተያዩ ማሳነስ ስሕተት ነው። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ያለ ብረት ጫማ ከመሬት እስከ ትከሻው አናት ከ148 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠው ፖኒ ይባላል፤ ከኢትዮጵያ ፈረሶችም አብዛኞቹ ከዚህ ልክ በታች ናቸው። የሰላሌ፣ የባሌና የሌላውም አገር ፈረስ በየራሱ መልክና በየራሱ ሥራ ይመዘን።

7ኛ፤ በመስቀል አደባባይና በካዛንቺስ በኩል ስለ ማለፍ

መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ የተከፈተ ሲሆን ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ያለው ጠጣር ወለል ነው። በሣር ላይ የለመደ፣ ሰኮናው ብረት ያልተመታ ፈረስ በእንዲህ ያለው ወለል ላይ በተለይ ዝናብ ሲያርሰው ይንሸራተታል። ስለዚህ በአደባባዩና በአስፋልቱ ላይ እርምጃ ብቻ ይፈቀድ፤ ጉግስና ግልቢያ ለሜዳ ይቆይ። ከካዛንቺስ ወደ አደባባዩ ሲወርዱም መንገዱ ቁልቁለት ስለ ሆነ ፈረሰኛው ክብደቱን ወደ ኋላ አድርጎ ዛቡን አላልቶ በቀስታ ይውረድ፤ የደከመ ፈረስ ቢሆን ወርዶ ይሳበው።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአደባባዩ አጠገብ የከተማ ባቡር ያልፋል፤ የመኪና ጡሩምባ፣ የድምፅ ማጉያ፣ እልልታና ጭብጨባም አለ። ፈረሱን ወደ ከተማ ከማምጣት በፊት በወረዳው ከተማ በገበያ ዳር፣ በመኪና መንገድ አጠገብና በድምፅ ማጉያ ፊት ደጋግሞ ማለማመድ ይገባል። አዲሱ ፈረስ በለመደ ፈረስ ጐን ይሰለፍ። በመኪና የሚጫነው ፈረስ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ይድረስ፤ የመኪናው ወለል እንዳያንሸራትት አሸዋ ወይም ጭድ ይነጠፍበት፤ ውኃም በመንገድ ላይ ይሰጠው።

የሰልፉ አዛዥ ሦስት ነገር አስቀድሞ ያሰናዳ፤ ፈረሶቹ ጥላና ውኃ አግኝተው የሚቆዩበትን ስፍራ፣ የእንስሳት ሐኪም የሚቆምበትን ቦታ፣ የደነገጠ ፈረስ ሕዝቡን ሳይነካ የሚወጣበትን ባዶ መንገድ። ሦስተኛው ካልተገኘ ሰልፉ በፈረስ ባይሆን ይሻላል።

8ኛ፤ ስለ በሽታ

ከየአገሩ የመጡ ፈረሶች በአንድ ስፍራ ሲሰበሰቡ በሽታም አብሮ ይሰበሰባል። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው የሚተላለፈው በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ነው፤ እነዚህም የሚበዙት ዝናብ ባለቀበት ወራት ስለ ሆነ የመስከረም በዓላት ከሚያሠጋው ጊዜ ጋራ ይገጥማሉ። ክትባቱ በቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ተቋም ይዘጋጃል። ክትባት ኃይሉን ለማግኘት ሳምንታት ስለሚፈልግ የወረዳው ሹም በክረምቱ ውስጥ ከሐኪሙ ጋራ ተማክሮ ያስከትብ።

ትኵሳት ያለው፣ ከአፍንጫው ፈሳሽ የሚወርድ፣ በእግሩ ወይም በአንገቱ ላይ እንደ ገመድ የተያያዘ እባጭ ያለበት ፈረስ ከቤቱ አይውጣ። ልጓም፣ ብሩሽና የውኃ ባልዲም ለየፈረሱ የተለየ ይሁን።

9ኛ፤ የማይበቃውን ፈረስ ስለ መመለስ

ለሹም ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ይህ ነው። ፈረሰኛው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ጐፈሩን ደፍቶ፣ በወገኖቹ ፊት ቆሞ ሳለ ጀርባው የቈሰለ ፈረስ ሲገኝበት አይለፍ ማለት ያሳፍራል፤ ዝም ብሎ ማሳለፍ ግን ነውሩን ወደ ፈረሱ ማዛወር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ምርመራው በአደባባይ ሳይሆን ፈረሶቹ በሚያርፉበት ስፍራ፣ በዋዜማው ይደረግ። ቍስል የተገኘበትንም ሰው ለብቻው ጠርቶ በአክብሮት ማስረዳት ነው፤ «ጌታዬ፣ ፈረስዎ ነገ ቢያርፍ ለወር ያገለግልዎታል፤ ነገ ቢጫን ግን ወሩን ሁሉ ይተኛል» ቢባል የማይሰማ ጥቂት ነው። ፈረሰኛውም ከሰልፉ አይውጣ፤ ጋሻውንና ጦሩን ይዞ በእግሩ በወገኖቹ ፊት ይሂድ። ይህ የክብር ቦታ መሆኑን ሹሙ አስቀድሞ ለሁሉ ቢነግር የተመለሰው ሰው ያፈረ አይመስልም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የወረዳና የዞን ሹማምንት ይህን ትምህርት ለፈረሰኞቹ ማኅበራትና ለፈረስ ባለቤቶች በየቋንቋቸው እንዲያስረዱ እናሳስባለን። የበዓሉ መልካምነት የሚታወቀው ፈረሱ በአደባባይ ባለፈበት ሰዓት ብቻ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ሹሙ ወደ ፈረሰኛው ቤት ሄዶ ይመልከት፤ ፈረሱ ሣሩን ቢበላ፣ በአራት እግሩ ረግጦ ቢቆም፣ ጀርባውም ሲዳሰስ ባይሸሽ በዓሉ በደኅና ተፈጽሟል።